ዘንድሮ በምን ሞተ?

ይህችን አገር በካርታ ላይ ልፈልግ የሚል ካለ ዓይኑን በከንቱ አያድክም። ከአንድ ትልቅ ወንዝ ወዲህ ትገኛለች፤ ከወንዙ ወዲያ ማዶኞች የሚባሉ ሰዎች ይኖራሉ፤ ከዚህ ሌላ ምልክት የላትም። ነገሩን የሰማነው ከሽማግሌዎች ነው። እነሱም ሲያወሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በር በሩን እያዩ ነበርና እኛም ሳንጨምር ሳንቀንስ እናቀርበዋለን። የእኛን ሰፈር ይመስላል የሚል ሰው ቢኖር ጥፋቱ የሰፈሩ እንጂ የተራኪው አይደለም።

የአገሪቱ ገዢ ሊቀ ቃል ይባሉ ነበር። ዓመቱን ሙሉ አይናገሩም፤ ሕግ ነው። በዓመት አንድ ቀን ብቻ፣ የሦስቱ ቃል ቀን በሚባለው በዓል፣ ከአደባባዩ ሰገነት ላይ ይወጡና ሦስት ቃል ይናገራሉ። የመጀመሪያው የጎረቤት ቃል ነው፤ ማዶኞች ዘንድሮ ወዳጅ ይሁኑ ጠላት የሚታወቀው በዚያ ነው። ሁለተኛው የሹመት ቃል ነው፤ ማን ወጣ፣ ማን ወረደ የሚባልበት። ሦስተኛው የሙታን ቃል ነው፤ በወንዙ ዳር የወደቁት የሚታሰቡበት። ሦስቱ ካለቁ በኋላ እስከ ከርሞ አፋቸው ዝግ ነው፤ ቤታቸው በእሳት ቢያያዝ እንኳ «እሳት!» ማለት አይችሉም።

በዚያ ቀን የከተማው አውራ ዶሮ ሁሉ አፉ በክር ይታሰራል፣ ውሾች ከከተማ ይወጣሉ፣ ሕፃን ያላት እናት ጡቷን አጉርሳ ትቆማለች። በሕዝቡ መካከል ፊት ጠባቂዎች ረዣዥም ዘንግ ይዘው ይዘዋወራሉ። ሥራቸው የሰውን ፊት ማየት ነው። በጠላት ወሬ የሳቀ፣ በሹመት ጊዜ የተከዘ፣ ሙታን ሲታሰቡ ዓይኑ የደረቀ ሰው ቢያገኙ አገጩን በዘንጉ ጫፍ ነካ ያደርጉታል። የተነካ ሰው ወደ ቤቱ አይመለስም። ወዴት ሄደ ብሎ የሚጠይቅም አልነበረም፤ ጎመን በጤና ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሦስተኛው ቃል ሥርዓት ነበር። «የሊቀ ቃል ቃል መሬት አይወድቅም» ይላል ሕጉ። ስለዚህ ማዶኞች ጠላት በተባሉበት ዓመት ሙታኑ በሙሉ በማዶኞች ጦር የሞቱ ይሆናሉ። ወዳጅ በተባሉበት ዓመት ደግሞ እነዚያው ሙታን በወባ የሞቱ ይሆናሉ። በመቃብሩ ቦታ እያንዳንዱ ድንጋይ ሁለት ፊት ነበረው፤ በአንደኛው ጦር፣ በሌላኛው ትንኝ ተቀርጾበታል። የትዝታ አዛዥ የሚባሉ ሹም አሉ፤ በበዓሉ ማግስት አሽከሮቻቸውን አስከትለው እንደ ዓመቱ ጠባይ ድንጋዩን ያስዞራሉ። ሰዉም ለምዶታል። ሁለት ሴቶች ገበያ ሲገናኙ፣ «ባልሽ ዘንድሮ በምን ሞተ?» ትላለች አንዷ። «ዘንድሮስ በወባ ነው፤ አምና ነው እንጂ በጦር» ትላለች ሌላዋ። ከዚያ ስለ በርበሬው ማማርና አለማማር ያወራሉ።

በዚያች ከተማ ትርንጎ የምትባል ሙሾ አውራጅ ነበረች። ሙሾ ማውረድ በዚያ አገር ጉሮሮ ያለው ሁሉ የሚገባበት ሥራ አይደለም፤ ሹመት ነው። ሊቀ ቃል የሞተ ሰው ስም በአፋቸው አይጠሩም፤ ነውር ነው። ስሙን የምትጠራው ትርንጎ ናት። ከሰገነቱ ሥር ቆማ ስም እየጠራች ታወርዳለች፤ እሳቸው ከላይ ሆነው «ነፍስ ይማር» ይላሉ፤ ያን ጊዜ ሞቱ ይጸናል። ስሙ በሙሾ ያልተጠራ፣ «ነፍስ ይማር» ያልተባለለት ሰው፣ ሥጋው አፈር ቢሆን እንኳ በሕግ ፊት አልሞተም። ሚስቱ ሌላ አታገባም፣ ልጁም አይወርስም። ስሙ ተጠርቶ «ነፍስ ይማር» የተባለለት ደግሞ፣ እህሉን እየበላ ቢቀመጥም ሟች ነው።

ትርንጎ ከመቃብሩ የራሷ ድርሻ ነበራት። የበኩር ልጇ ደምለው ወታደር አልነበረም። በቅሎ ሊያጠጣ ወደ ወንዙ መሻገሪያ፣ ወደ መልካው ወርዶ ሳለ ከማዶ የተወረወረ ጦር ደረቱን ወጋው። ሬሳውን ያጠበችው እሷ ናት፤ ቁስሉን በጣቷ ነክታዋለች። ስለዚህ የወባ ዓመት በመጣ ቁጥር አንጀቷ እርር ይል ነበር። ሙሾዋን ግን ብልህ ስለነበረች ጦርም ትንኝም ሳታስገባ ነበር የገጠመችው፤

ደምለው እመልካው ዳር፣ ከወደቀ ወዲህ፣
ውሃ ቢጠማኝም፣ አልጠጣም ከእንግዲህ።

ይህችን ስታወርድ ፊት ጠባቂዎቹ ሳይቀሩ ዘንጋቸውን ተደግፈው ያለቅሳሉ። ለትርንጎም በዓመት አንድ ቀን በሰው ፊት ማልቀስ ትልቅ ነገር ነበር፤ ዕንባዋን ዓመቱን ሙሉ ለዚያ ቀን ታቆየዋለች። ሌላ ያላት ነገር ቢኖር ሁለተኛው ልጇ አንተነህ ነው። ኮርቻ ሠሪ ነበር፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ድንጉጥ፣ በር ሲንኳኳ መርፌው ከእጁ የሚወድቅ። ሰፈርተኛው ይስቅበታል። እሷ ግን ደንጋጣነቱን ትወድለት ነበር፤ ደፋሩን ቀብራዋለችና።

አንድ ዓመት አገሩ ጨው አጣ። ጨው ያለው ማዶ ነው። የማዶኞች ሽማግሌዎች ለእርቅ ተሻግረው መጡና አንደኛው እንዲህ አሉ ይባላል፤ «ጨዉን እንሰጣለን። ነገር ግን እናንተ በየዓመቱ በመልካው ስለወደቁ ሰዎች ታለቅሳላችሁ። ሲሻችሁ በወባ ሞቱ ትላላችሁ፤ ቢሆንም የዚያ የደምለው የሚባለው ልጅ ሙሾ ወንዝ ተሻግሮ የእኛ ሴቶች ወፍጮ ላይ ያዜሙታል። ሲያዜሙት እኛን እኛን ያዩናል። ገዳይ እየተባልን ወንድም መባል እንዴት ይሆናል?»

ሊቀ ቃል እንደ ልማዳቸው ዝም ብለው ሰሙ። በበዓሉ ቀን ሰገነቱ ላይ ወጡና እንዲህ አሉ፦ «በእኛና በማዶ ወንድሞቻችን መካከል ከጥንት ጀምሮ ጠብ ኖሮ አያውቅም። በወንዙ ዳር አንድም ሰው አልሞተም፤ በጦርም አልሞተም፣ በወባም አልሞተም።»

ሕዝቡ ምን ዓይነት ፊት ማሳየት እንዳለበት ጠፋው። ፊት ጠባቂዎቹም ግራ ገብቷቸው እርስ በርስ ተያዩ። ሊቀ ቃል ፋታ ሳይሰጡ ወደ ሹመቱ ቃል አለፉ። «ለዚህም ምስክር እንዲሆን፣ የትርንጎን ልጅ ደምለውን ወደ ማዶ መልእክተኛችን አድርገን ሾመነዋል።»

ሊቀ ቃል የሞተ ሰው ስም አይጠሩም። ስሙን ከጠሩት እንግዲህ ሰውዬው አልሞተም ማለት ነው፤ ክርክር የለውም።

ትርንጎ ክው ብላ ቀረች። ጎረቤቷ አሰገደች ከጎኗ ቆማ ነበርና ክንዷን ቆነጠጠቻት። «እልል በይ! እልል በይ እንጂ አንቺ ሴት፣ ዘንጉ እየመጣ ነው!» ትርንጎ አፏን ከፈተች። ከጉሮሮዋ የወጣው እልልታ ይሁን ኡኡታ እሷም አልለየችውም፤ ፊት ጠባቂው ግን እልልታ ነው ብሎ አለፋት። በዚያ ዓመት ሦስተኛው ቃል አልተነገረም፤ የሚታሰብ ሟች የለማ። በማግስቱ የመቃብሩ ድንጋዮች በሙሉ ተነቀሉና ማዶኞች ጨው ጭነው ሲመጡ እግራቸው እንዳይረጥብ መልካው ውስጥ ተደረደሩ።

ወዲያው የትዝታ አዛዡ ይርዳው ወደ ትርንጎ ቤት መጡ። ይርዳው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። ድምፃቸው ለስላሳ፣ አንገታቸው ደፋ ያለ፣ ክፉ ወሬ ሲያመጡ በመጀመሪያ ስለ ጤና ደጋግመው የሚጠይቁ ሰው ነበሩ።

«እንዴት ሰነበቱ እትዬ ትርንጎ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? ብርዱስ?»

«እግዜር ይመስገን።»

«እንኳን ደስ አለዎት። የመልእክተኛ እናት መሆን ለማን ይገኛል! ማዶኞች በፊታችን ሰንበት ሊቀበሉት ነው። ልጁን ላሰናዳ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«የትኛውን ልጅ ጌታዬ?»

«ደምለውን ነዋ።»

«ደምለው እኮ መቃብር ውስጥ ነው።»

አዛዡ ከልባቸው አዘኑ። «የቱ መቃብር እትዬ? ዛሬ ጠዋት በዚያ በኩል አልፌ ነበር፤ ሜዳ ነው።»

 አዛዡ ዓይናቸውን ወደ ጥጉ መለሱ። አንተነህ ኮርቻ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። መርፌው መሬት ወድቋል።

«ይሄስ ማነው?»

«ታናሹ ነው። አንተነህ።»

«ደምለው ታናሽ ያለው አይመስለኝም» አሉ አዛዡ ቀስ ብለው። «ሊቀ ቃል የትርንጎ ልጅ ብለው የጠሩት አንድ ነው። ሁለት ቢሆኑ ኖሮ ሁለት ይሉ ነበር።» ከዚያ ጎንበስ ብለው መርፌውን አነሡና ለአንተነህ ሰጡት። «በል ተነሣ ደምለው። በቅሎህ ውጭ ቆማለች።»

«እማዬ» አለ አንተነህ። ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ነበር። «እማዬ፣ እኔ እኮ...»

ትርንጎ በሩ ላይ የቆሙትን ፊት ጠባቂዎች አየች። የዘንጋቸው ጫፍ ከልጇ አገጭ ብዙም አይርቅም። ያን ጊዜ በሕይወቷ ከተናገረችው ሁሉ የከበዳትን ቃል ተናገረች። «ሂድ ልጄ» አለችው። «ሂድ... ደምለው።»

እንዲህ ሆኖ አንተነህ የወንድሙን ስም ለብሶ ወንዝ ተሻገረ። ጨው መጣ። ወጡ ጣመ፣ ሰዉም ሊቀ ቃልን መረቀ። ትርንጎ «የመልእክተኛው እናት» ተባለች፤ ገበያ ስትወጣ መንገድ ይለቀቅላታል። ደጇ ላይ ግን አንድ ፊት ጠባቂ ተመደበ። ሹመኛ ልጅ ያላት ሴት ያዘነች መስላ እንዳትታይ ነው። ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ስትሆንም በሽንቁር ይመለከታታል። የሞተውን ልጇን ማልቀስ አይፈቀድላትም፤ በሕይወት ያለውንም በስሙ መጥራት አትችልም። ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ መልካው ላይ የልጇን ድንጋይ ለየችው፤ የማዶ ነጋዴዎች ረግጠውት ሲሻገሩ ታያለች፤ ፈገግ ብላ እንስራዋን ትሞላለች። ዕንባው ወደ ውስጥ ሲፈስ ሆዷን የሚያጥለቀልቀው ይመስላት ነበር።

አንዳንዴ ከማዶ የሚመለስ ነጋዴ ወሬ ያመጣላታል። «መልእክተኛው ደህና ናቸው። ብዙ አይናገሩም፤ ሲናገሩም ላብ ላብ ይላቸዋል። ማዶኞች ግን ወደዋቸዋል፤ የሕፃናቱን የበቅሎ ኮርቻ ይጠግኑላቸዋል» ይላታል። ትርንጎ ለነጋዴው ሁለተኛ ጽዋ ጠላ ትቀዳለታለች፤ ሌላ የምታደርገው አልነበራትም።

ዓመቱ ሊዞር ሲል ከወንዙ ወዲህ፣ ከምሥራቅ ካለው በረሃ፣ ሌላ የጨው ጉድጓድ ተገኘ። ጉድጓዱ የተገኘ ቀን ሕዝቡ ደስ አለው፤ ትርንጎ ግን ማዶ ማዶውን አየች። ማዶኞች ከእንግዲህ ለምን ያስፈልጋሉ?

የበዓሉ ዋዜማ ጠዋት አዛዥ ይርዳው መጡ። ጤናዋን ጠየቁ። ጉልበቷን ጠየቁ። ከዚያ፣ «ዘንድሮ ሙሾዎ ያስፈልጋል» አሉ።

ትርንጎ ለአንድ አፍታ ፍርሃቷን ሁሉ ረሳችው። «ለደምለው?»

«ለደምለው።»

«ላለቅስለት ነው? በአደባባይ?»

«እንዳሻዎት። ዘንድሮ ይጩኹ እንጂ ማንም አይነካዎትም።» አዛዡ ይህን ሲሉ በብብታቸው የያዙትን ጨርቅ አወጡ። አዲስ ነጭ መገነዣ ነበር። ትርንጎ ብዙ ሬሳ ያየች ሴት ናትና ርዝመቱን በዓይኗ ለካችው። የደምለው ቁመት አልነበረም። ደምለው ዘለግ ያለ ነበር።

«ይሄ ለማን ነው ጌታዬ?»

«ሊቀ ቃል ማዶኞች መልእክተኛችንን ገደሉ እንዲባል ፈልገዋል። ያለ ሬሳ ደግሞ ሕዝብ ጦር አያነሳም፤ መቃብሩን ደግሞ ሜዳ አድርገነዋል» አሉ አዛዡ አንገታቸውን ደፍተው።

«ልጄ የት ነው?»

«ተሻግሮ መጥቷል። ከሰገነቱ ጀርባ ድንኳን ተተክሎለታል። ጠጅ የቀዳሁለት እኔ ራሴ ነኝ። ምንም አያውቅም፣ አይጨነቁ።»

«በሕይወት አለ?»

«እንዴ!» አሉ አዛዡ፣ የተሰደቡ ያህል። «ሙሾ ሳይወርድ ሰው እንዴት ይሞታል? ሕግ አለ እኮ እትዬ። ነገ እርስዎ ደምለው ብለው ይጠራሉ፣ ሊቀ ቃል ነፍስ ይማር ይላሉ፣ የቀረውን ሰዎቹ ከመጋረጃው ጀርባ ይጨርሱታል። ድምፁ እንኳ አይሰማም።»

ትርንጎ መገነዣውን ጭኗ ላይ አጠፈችው። «እምቢ ብልስ?»

«እንደሱ አይበሉ። ዝም ቢሉ ሊቀ ቃል የሚሉት ያጣሉ። እሳቸው የሚሉት ያጡ ቀን የሚጠፋው እኔና እርስዎ ብቻ አይደለንም፣ ሰፈሩም ነው። ልጁም ቢሆን አይተርፍም። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፤ ታውቂዋለሽ እናቴ።» ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አሏት። ለእሷ አዝነው ነበር፤ ለራሳቸውም ፈርተው ነበር። ሲወጡ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉ።

ዓመት ሙሉ ላልቅስለት ስትል የተከለከለችው ልጅ ነበር። አሁን አልቅሺለት ስትባል ዕንባዋ የሞተውን ያስባል፣ በሕይወት ያለውን ግን ይገድላል። ትርንጎ ያን ዕለት እህል አልቀመሰችም። አሰገደች ልትጠይቃት መጥታ ሁለቱም ሳይነጋገሩ ተቀመጡ፤ በሽንቁሩ በኩል ዓይን አለ። አሰገደች ስትሄድ እጇን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ለቀቀቻት።

በበዓሉ ቀን ዶሮዎቹ አፋቸው ታሰረ። ሕዝቡ ቆመ። ትርንጎ ከሰገነቱ ሥር በቦታዋ ቆመች። ከኋላዋ መጋረጃ አለ፤ በመጋረጃው ክፍተት አንድ እጅ ዋንጫ ይዞ ይታያል። የእጁ አውራ ጣት በመርፌ የተጠቀጠቀ ነው። ከእጁ በስተጀርባ የሁለት ሰዎች ጥላና በመካከላቸው የተወጠረ የጠፍር ገመድ አየች። የሰገነቱን እንጨት ጨብጣ ያዘች።

«ማዶኞች ጠላቶቻችን ናቸው፤ ከጥንትም ጠላቶቻችን ነበሩ» አሉ ሊቀ ቃል። ሕዝቡ ግንባሩን ቋጠረ። «የጨው ጉድጓዱን አዛዥ፣ አባ ሞገሴን፣ የጦሩ አበጋዝ አድርገናል።» ሕዝቡ ፈገግ አለ። ከዚያ ሊቀ ቃል ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «በማዶኞች እጅ ስለወደቀው ወገናችን» አሉና ስሙን ላለመጥራት ዝም ብለው ወደ ሥር ተመለከቱ። አዛዥ ይርዳው ለትርንጎ በአገጫቸው ምልክት ሰጡ። ሕዝቡ ዕንባውን አዘጋጀ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ሊቀ ቃል ሙሾ አድምጠው አያውቁም። እሳቸው የሚያውቁት የትርንጎ ድምፅ ከፍ ብሎ ከፍ ብሎ መጨረሻ ላይ ሲወርድ «ነፍስ ይማር» ማለት እንዳለባቸው ነው። በዚያ መካከል ስለ ምሳቸው ያስባሉ ይባላል። ስንቱን ዓመት እንዲህ አድርገዋል፤ ልማድ ደግሞ ከሕግ ይጠነክራል።

ትርንጎ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ደረቷን መታች። ድምፅዋ ወጣ፤ አገሩ የሚያውቀው ያ ዜማ ነበር፤

ትርንጎ ሞታለች፣ ንገሩ ለዘመድ፣
ልጇን ስታሻግር፣ ቀረች መሀል መንገድ።

ድምፅዋ ወረደ።

«ነፍስ ይማር» አሉ ሊቀ ቃል።

 አዛዥ ይርዳው ፊታቸው አመድ መሰለ። ከመጋረጃው ጀርባ ያሉት ሰዎች ገመዱን እንደ ወጠሩ አዛዡን ያያሉ፤ የተጠራው ስም እነሱ የተነገራቸው አይደለም። አንዱ አሽከር ወደ ሰገነቱ ሮጠና በሊቀ ቃል ጆሮ አንሾካሾከ። ሊቀ ቃል ትርንጎን አዩዋት። አፋቸውን ከፈቱ። ነገር ግን ሦስቱም ቃል አልቆ ነበር። እስከ ከርሞ ድረስ አንድ ቃል የላቸውም። አፋቸውን መልሰው ዘጉት፤ እንዲያ ሲያዩዋት ቆዩና ከሰገነቱ ወረዱ። የዚያን ጊዜ ዓይናቸውን ያዩ ሰዎች ከዓመታት በኋላም ሲያወሩት ያንዘፈዝፋቸው ነበር።

ሹማምንቱ ወዲያው ተሰበሰቡ። ቃሉ መሬት መውደቅ የለበትም። ማዶኞች የመልእክተኛችንን እናት ገደሉ ተባለና ተለፈፈ፤ ለጦር መነሻ ይህም በቂ ነበር፣ እንዲያውም የእናት ደም ይበልጥ ያስቆጣል ተባለ። የኮባ ግንድ በመገነዣው ተጠቅልሎ በክብር ተቀበረ። ለደምለው፣ ማለት ለአንተነህ፣ ገመዱ ከኋላው ተጠቀለለና የሐዘንተኛ ጥቁር ልብስ ተሰጠው። ትርንጎ ከሰገነቱ ሥር እንደ ቆመች ሕዝቡ በአጠገቧ እያለፈ ሄደ። ማንም አላያትም። አሰገደች እንኳ አንገቷን አዙራ አለፈች፤ ትከሻዋ ግን እየተንቀጠቀጠ ነበር።

አዛዥ ይርዳው ብቻ ቆም አሉ። እሷን ሳያዩ ለነፋሱ እንደሚናገሩ ሆነው፣ «እትዬ ትርንጎ በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ» አሉ፣ «የሞተ ሰው አይገደልም፤ በዚህ በኩል አይስጉ እላቸው ነበር። ነገር ግን ልጃቸው አይቷቸው እናቴ ቢል ሊቀ ቃል ዋሹ ማለቱ ነው እላቸው ነበር። ያን ጊዜ ገመዱ ሩቅ አይደለም። ስለዚህ ርቀው ይሂዱ እላቸው ነበር።» ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

ትርንጎ መሄድ ነበረባት። ሁሉም ነገር ሂጂ ይላታል። ግን እናት ናት፤ ልጇ ሙሉ አካሉን ይዞ መውጣቱን በዓይኗ ሳታይ እግሯ እምቢ አላት። ከሩቅ አንዴ ብቻ አይቼው፣ አለች፣ ከዚያ ወደ በረሃው እሄዳለሁ።

የሐዘኑ ድንኳን የተተከለው በገዛ ደጇ ላይ ነበር። ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተቀምጧል። በቦታዋ የቆመች አዲስ ሙሾ አውራጅ በትርንጎ ስም የማይገጥም ግጥም እየደረደረች ትጮሃለች፤ ትርንጎ ከአጥሩ ጀርባ ቆማ ሰማቻትና በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንኳ ቤት አለመምታቱ አበሳጫት። ከዚያ ልጇን አየችው። ከመካከል ተቀምጧል። አንገቱ ላይ ምንም የለም። እጁም እግሩም ደህና ነው። አሁን ልሂድ ብላ ስትዞር የአጥሩ እንጨት ነጠላዋን ያዘባት።

አንተነህ ቀና አለ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

ከጀርባው የቆመው ፊት ጠባቂም አይቷል። ቀስ ብሎ ወደ ፊት መጣና ዘንጉን ዝቅ አደረገ፤ ጫፉ ከአንተነህ አገጭ አንድ ጣት ያህል ርቆ ቆመ። «ጌታዬ መልእክተኛ» አለ፣ በለሆሳስ። «ከአጥሩ በኩል ማን ትታይዎታለች?»

ሙሾው ቆመ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን ያያል። ትርንጎ ነጠላዋን ለመንጠቅ ታገለች፤ አልለቅ አላት። የልጇ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየች። ያችን ቃል አወቀቻት፤ አፍ ሲፈታ የተናገራት ቃል ናት። በሕይወቷ ልጇ እንዲጠራት ያልፈለገችበት ቀን አልነበረም፣ ከዚያች ደቂቃ በቀር። አትጥራኝ፣ አለች በሆዷ። ዘመን ሁሉ የሳቁብህን ፍርሃት ዛሬ የት ጣልከው? ፍራ ልጄ፤ ስለ እመብርሃን ብለህ ፍራ።

አንተነህ ለረጅም ጊዜ አያት። ዕንባው በጉንጩ ወረደ፤ ለሐዘንተኛ ግን ዕንባ የተፈቀደ ነው።

«ማንም» አለ በመጨረሻ። «ማንም የለችም። እናቴን እኮ ማዶኞች ገደሏት።»

ዘንጉ ከአገጩ ራቀ። ሙሾው እንደገና ተጀመረ። ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፤ ትርንጎ ነጠላዋን ቀድዳ ትታ ወደ በረሃው ስትሄድ፣ ልጇ «ማንም የለችም» ስላለ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ አለች።